ከእኛ ቤት ሰው የለም

ወረታ ባለው ቤታችን ኔትወርክ የሚገባው በአንድ መስኮት ብቻ ነው። መስኮቱ ደግሞ ወደ መንገድ የተከፈተ ነው። ጠረጴዛዬን እዚያ ሥር ካስጠጋሁ ጀምሮ ወደ ገበያ የሚወርደው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው፣ ከብቱን ወደ ሜዳው የሚነዳው ሁሉ ሲያልፍ ያየኛል። እኔ ግን ማንንም አላይም፤ ዓይኔ ላፕቶፑ ላይ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ሰው ሰላም ይለኝ ነበር፤ በኋላ ተወኝ። «የየኔታ ልጅ ተመልሳ መጥታ መስኮት ሥር ተቀምጣለች» ይባል እንደነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው። «ሥራ ላይ ናት» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ሥራዬ ባሕር ዳር ነው። የገበሬውን ኑሮ የሚያጠና አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከየወረዳው የሚመጣውን መጠይቅ አጣራለሁ፤ ማን ስንት ጥማድ ሩዝ ዘራ፣ ስንት ጊዜ አረመ፣ ስንት ኩንታል አገኘ። መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ሲቀይር ወንበር አልበቃ አለና፣ የሚችል ሰው ሦስት ቀን ከቤቱ እየሠራ ሁለት ቀን ብቻ ይምጣ ተባለ። ከሁሉም ቀድሜ እጄን አወጣሁ። እናቴ ካረፈች ዓመት አልሞላትም ነበር፤ አባቴ ብቻቸውን ናቸው። የተከራየሁትን ክፍል አስረክቤ፣ ዕቃዬን ሚኒባስ ላይ ጭኜ መጣሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ለአባቴ ብዬ ነው» እል ነበር። እንዲያ ስል ደስ ይለኛል፤ ራሴን ጥሩ ልጅ አድርጌ አያለሁ።

በዚያው ክረምት የክፍላችን አስተባባሪ ሊለቅ ነው የሚል ወሬ መጣ። አልዋሽም፣ ቦታውን ፈለግሁት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሌሎችን ስሕተት ሳርም ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ በራሴ ሐሳብ የሚሄድ ሥራ እንዲኖረኝ እመኝ ነበር። ከሥራዬ ጥራት ማንም እንከን አያወጣም፤ ይህን ኃላፊያችንም ያውቀዋል። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አስተባባሪ አምስቱንም ቀን እዚህ መገኘት አለበት» ቢሉኝስ? አባቴንም ሳልለቅ ቦታውንም መያዝ ነበር ሐሳቤ። ስለዚህ ቤት ስሆን ከሁሉም በላይ መሥራት አለብኝ ብዬ ወሰንኩ። ጠዋት ቁጭ ካልኩ ማታ እስኪመሽ አልነሣም። አባቴ ምሳ አቅርበው ሲጠሩኝ «መጣሁ» እላለሁ፤ የምመጣው ምግቡ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

አባቴ ቄስ ናቸው። ድጓ ያስተምሩ ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ሰባውን አልፈዋል፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል። ከዘራቸውን ይዘው ማለዳ ሲወጡ «ዛሬ እንኳ ይቅርብዎት፣ አባ» ስላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እኔ ከቀረሁ አራት ናቸው።»

ቅዳሴ ያለ አምስት አገልጋይ አይገባም። ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። አንዱ ከጎደለ የቀሩት አራቱ የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆኑ ይጠብቃሉ እንጂ አይጀምሩም። ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ለቤተ መቅደስ የተሠራ ሥርዓት እንጂ ከእኔ ሥራ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ማክሰኞና ረቡዕ ባሕር ዳር እሄዳለሁ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ነኝ። መሐል መንገድ ሐሙሲት ከተማ ላይ ሚኒባሱ ቆሞ ሰው ሲጠብቅ ንድድ ይለኛል፤ ረዳቱን ስንት ቀን እንደተቆጣሁት እሱ ይቁጠረው። ቢሮ እንደገባሁ የጆሮ ማዳመጫዬን አጠልቃለሁ። ምሳዬን ቋጥሬ ስለምሄድ ጠረጴዛዬ ላይ እበላለሁ። ባልደረቦቼ ተሰብስበው ሲወርዱ «ነይ እንጂ» ይሉኝ ነበር፤ «እናንተ ሂዱ፣ ይህቺን ልጨርስ» እያልኩ ስመልስ እነሱም መጥራቱን ተዉት። ለምን ብዬ ልሂድ? አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቼ መኪና መያዝ አለብኝ፤ ደቂቃ አላባክንም።

ከፊት ለፊቴ የምትቀመጥ አንዲት ባልደረባ ነበረችኝ። ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይታ የገባች ናት። አዳዲስ የገቡት ልጆች ሲጠይቋት ወንበሯን ዞር አድርጋ ታስረዳለች፤ ከገጠር የሚመጡትን መረጃ ሰብሳቢዎች ሻይ ትጋብዛለች፤ የራሷን ሥራ ሳትጨርስ የምትሄድበት ቀን አለ። በልቤ «ይህች ደግሞ ወሬ ትወዳለች» እል ነበር። እሷም ለአስተባባሪነቱ እንደተወዳደረች ስሰማ ሳቄ መጣ።

ሐምሌ ሲጋመስ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፤ ሩዙም አረሙም እኩል ይነሣል። አረሙን በጊዜው ካልነቀሉት ሩዙን ይውጠዋል። ይህን ደግሞ አንድ ቤት ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ የሰፈራችን ሴቶች ወንፈል ይገባሉ፤ ዛሬ ያንቺን፣ ነገ የእኔን እያሉ በተራ ያርማሉ። አንድ ቤት አንድ ሰው ይሰጣል። ከባለ እርሻው ቤት ደግሞ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ ይገባል፤ ባለቤቱ ባልገባበት ውሃ ሌላ ሰው እግሩን አያስገባም። እናቴ በሕይወት ሳለች ሁልጊዜ ትወጣ ነበር። እኔን ግን «አንቺ ተማሪ» ብላ አንድም ቀን ጭቃ አስነክታኝ አታውቅም።

የወንፈሉ አውራ ጎረቤታችን ናቸው፤ የእናቴ ጓደኛ፣ እትየ የምላቸው። አንድ ጠዋት መስኮቴ ሥር መጥተው ቆሙ።

«አንች፣ ዓርብ የእኛ እርሻ ነው። የእናትሽ ቦታ ባዶውን ነው። ትመጫለሽ አይደል?»

«እትየ፣ ሥራ አለብኝ።»

«ሥራሽማ እዚሁ ቤትሽ አይደል እንደ? ከየት ትቀሪያለሽ?»

«ቤት ብሆንም ሥራ ላይ ነኝ።»

ላፕቶፑን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «እሽ ልጀ፣ እንግዲህ እንዳልሽ» ብለው ሄዱ።

ቅር እንዳላቸው ገባኝ። ችግርን ቶሎ ፈትቶ ወደ ሥራ መመለስ ደግሞ ልማዴ ነው። መናኸሪያው አጠገብ የቀን ሥራ የሚጠብቁ ሴቶች አሉ፤ አንዷን አነጋግሬ በእኔ ፈንታ ላክኋት። ጠንካራ ሴት ናት፤ ደጋ አገር ጤፍና ገብስ ስታርም ያደገች። አንድ ቤት አንድ ሰው፣ ይኸው አንድ ሰው፤ ደግሞ ከእኔ የተሻለች አራሚ። በዚያ ቀን ሁለት ወረዳ አጣርቼ ስጨርስ በራሴ ኮራሁ።

ያልገባኝ ነገር ቢኖር አረሙ ሩዝ እንደሚመስል ነው። እኔ ሩዝን የማውቀው በሰንጠረዥ ነው፤ «አረም» የሚል ዓምድ አለኝ፣ ስንት ጊዜ ታረመ ብሎ ይጠይቃል፣ አበቃ። ሴትዮዋም ሩዝ አይታ አታውቅም። እንደ ሌሎቹ ጎንበስ ብላ ዋለች፤ ግን የሚነቀለውን ትታ የሚተወውን ነቀለች። ልብ የተባለው መስመሯን ከጨረሰች በኋላ ነው፤ አረሙ ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ማንም አልጮኸባትም። እህል አቅርበው፣ አብልተው ሸኟት። ለእኔም ምንም አላሉኝ። ሆድ ይፍጀው ብለው ነው ዝም ያሉት። እኔ ዝምታውን ምስጋና መስሎኝ ነበር።

የእኛ ተራ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ወጣ። የዚያኑ ቀን ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ለአስተባባሪነት የተወዳደርነው በየተራ በስክሪን ቀርበን ዕቅዳችንን እንድናስረዳ ተቀጠርን። ተራው እንዲቀየርልን መለመን እችል ነበር፤ አልለመንኩም። እንደ ፊተኛው የሚላክ ሰው አገኛለሁ ብዬ ነበር፣ ሳላገኝ ቀረሁ።

በዚያ ጠዋት ደጃፋችን ላይ የእትየን ድምፅ ሰማሁ። አባቴን ነበር የሚያነጋግሩት።

«የኔታ፣ ዛሬ የእናንተ ነው። ከእናንተ ቤት ሰው አለ?»

አባቴ ከዘራቸውን አነሡ።

«ከእኛ ቤት ሰው የለም» አሉ።

ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጫለሁ። ከላይ ጥሩ ቀሚሴን ለብሻለሁ፣ ጸጉሬን ተሠርቻለሁ፣ ከሥር ነጠላ ጫማ ነው ያደረግሁት። ሰው የለም ሲሉ ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም፤ የሆነውን ነው የተናገሩት፣ ዝናብ የለም እንደሚሉት። ወጥቼ «እኔስ ምንድን ነኝ?» ልላቸው ብድግ አልኩ። ሰዓቴን ሳይ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነው፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ ኃላፊያችንና ሌሎች ሁለት ሰዎች ስክሪኑ ላይ መጡ። ማስረዳት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ነጥቤ ከቤት ሆኖ ቡድን መምራት እንደሚቻል የሚያሳይ ነበር፤ ሰው የትም ቢሆን ሥራው ከተገኘ እሱም ተገኘ ማለት ነው የሚል። ይህን እያልኩ ሳለ አባቴ በመስኮቴ ፊት አለፉ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው አጥፈዋል፤ ከዘራቸውን ይዘዋል። ወደ ውስጥ አላዩም። ወዴት እንደሚሄዱ ወዲያው ገባኝ። መነሣት ነበረብኝ። አልተነሣሁም። ወደ ሁለተኛው ነጥብ አለፍኩ፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ ቀን የሚያሳፍረኝ ያ ያልተንቀጠቀጠ ድምፄ ነው።

ሲያበቃ «በጣም ጥሩ ነው» አሉኝ። ላፕቶፑን ዘግቼ በዚያው ቀሚስ ወደ እርሻው ሄድኩ። ሁለት ጥማድ መሬት ናት፣ ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ በኩል ትንሽ ያስኬዳል። ስደርስ ሴቶቹ ሁሉ ውሃው ውስጥ ናቸው። ከፊታቸው አባቴ ጎንበስ ብለው፣ በአንድ እጃቸው ከዘራቸውን ጭቃው ላይ ተክለው፣ በሌላው ይነቅላሉ። ከቤታችን ሰው ስለገባ ወንፈሉም ገብቶ ነበር።

«አባ፣ ይውጡ፣ እኔ ልግባ» አልኩ። ጫማዬን አውልቄ ዘው ስል እትየ እጄን ያዙኝ።

«ቀስ በይ! የምትነቅይውን ታውቂዋለሽ?»

ሁለት ቡቃያ ነቅለው አቀረቡልኝ። ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው።

«ቅጠሉ ከአገዳው የሚገናኝበትን እይ። ይሄ ትንሽ ጆሮ አለችው፤ ሩዝ ነው። ይሄ ልሙጥ ነው፤ አረም። ያች የላክሻት ሴት ይሄን የሚነግራት አላገኘችም። ምን ታድርግ፣ የላካትም አታውቀው!»

የእርሻቸውን ነገር ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ተይው፣ ዛሬም ለየኔታ ብለን ነው የመጣን» አሉ። አባቴ ወጥተው ዳር ላይ ተቀመጡ። እኔ እስከ ማታ ነቀልኩ፤ አልቅት እግሬ ላይ ተጣብቆ ስጮኽ ሴቶቹ ሳቁብኝ፤ ሌሎቹ ሦስት መስመር ሲጨርሱ እኔ አንዱን አልጨረስኩም። ወገቤ ለሁለት የተከፈለ ይመስለኝ ነበር። ማታ ቤት ስንገባ ከአባቴ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

በተከታዩ ማክሰኞ ኃላፊያችን ጠራኝ። ቦታው ለዚያች ለባልደረባዬ ተሰጠ።

«ገብቶኛል» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «እሷ ሁልጊዜ እዚህ ናት። ከዓይናችሁ አትጠፋም።»

ኃላፊያችን ግራ ገብቶት አየኝ። «ማን፣ እሷ? እሷም እንደ አንቺ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምትመጣው። አታውቂም ነበር?»

አላውቅም ነበር። ለካ የምንመጣው በተመሳሳይ ቀን ስለሆነ ነው ስመጣ ሁልጊዜ የማገኛት። ይህን ያህል ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጠን የት እንደምትኖር እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

«አንቺ ሥራሽን ትልኪያለሽ፣ ጥሩ ሥራ ነው» አለኝ። «እሷ ግን ስትመጣ ወደ ሰው ትመጣለች።»

በዚያ ቀን ሐሙሲት ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ረዳቱን አልተቆጣሁም፤ ጉልበቱ አልነበረኝም። ቦታውንም አጣሁ፤ ሰፈሩም ታዘበኝ። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት እኔ ነኝ። እሷንም፣ ኃላፊውንም፣ እውነቱን ለመናገር አባቴንም ጠላኋቸው።

ዝናቡ ቆርጦ መንገዱ ሲደርቅ፣ ጥቅምት ላይ፣ አባቴን ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰድኳቸው። ቅዳሜ ነበር። ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። ማን ሥራ ሰጠኝ? ማንም። እሳቸው ውሃው ውስጥ እያሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ኔትወርክ ስፈልግ ቆየሁ። ወጥተው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላዬ ተቀመጡ።

«ዛሬም ሥራ አለ?» አሉኝ።

ከሐምሌ ጀምሮ ያፈንኩት ሁሉ ገነፈለ። «አባ፣ እኔ ወረታ የመጣሁት ለእርስዎ ብዬ ነው። ያንን ቦታም ያጣሁት ለእርስዎ ብዬ ነው። እርስዎ ግን በሰው ፊት ‹ከእኛ ቤት ሰው የለም› አሉ። እኔ ሰው አይደለሁም?»

ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹ።

«ልጀ፣ እናትሽ ከሞተች ወዲህ ካንች ጋር አንድ ክረምት ከረምሁ። ያየሁት ግን ጀርባሽን ነው። ‹አለች› እንዳልላቸው አልተነሣሽም፤ ምን ልበላቸው?»

ይህን ሲሉኝም ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነበር የተቀመጥኩት። ዞሬ አየኋቸው። ከስተዋል። ከሐምሌ ወዲህ ነው የከሱት ወይስ ከዚያ በፊት፣ አላወቅሁም፤ አላየሁማ። አለቀስኩ። እሳቸውም «ተይ፣ በቃ፣ ነይ ውሃው ውስጥ እግርሽን ንከሪው» አሉኝ፤ ነከርኩት።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆንኩ አልልም። ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ነው፤ ኔትወርኩ ሌላ ቦታ አይገባም። ወንበሩን ግን በጎን አዙሬዋለሁ፤ አባቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ፊቴን ያያሉ፣ መንገደኛውንም ሰላም እላለሁ። ምሳ ሲቀርብ ተነሥቼ እበላለሁ። ባሕር ዳር ስሄድ ማዳመጫውን ከቦርሳ አላወጣም፤ ከሰዎቹ ጋር ምሳ እወርዳለሁ። መጀመሪያ ጭንቅ ነበር፤ ምን እንደሚወራ እንኳ አላውቅም። አንድ ቀን ለመረጃ ሰብሳቢዎቹ የዚያችን የቀን ሠራተኛ ነገር ዓይኔን በጨው አጥቤ ነገርኳቸው። በሳቅ ሞቱ። ከመካከላቸው አንዱ ግን «መጠይቁ እኮ ማን እንዳረመ አይጠይቅም» አለ። አሁን ይጠይቃል፤ ቤተሰቡ ነው፣ ወንፈል ነው፣ ወይስ የቀን ሠራተኛ? ያቺ ዓምድ በእኔ ሐሳብ የገባች የመጀመሪያዋ ናት፤ የተገኘችውም ምሳ ላይ ነው። አዲሷ አስተባባሪ ናት ያጸደቀችው። በአረም ወራት በሳምንት አንድ ጠዋት እርሻ ልውጣና ከሰዓት በኋላ ላካክሰው ስላት «ሂጂ፣ የእኔም እናት ሐምሌ ላይ አታስተኛኝም» አለችኝ።

ቦታው አሁንም የእሷ ነው። አንዳንድ ቀን ስብሰባ ስትመራ ሳያት ያንገበግበኛል፤ ከእኔ ይልቅ እንደምትችልበት ማወቄ ደግሞ አያቀዘቅዘውም። ወረታን ለቅቄ አምስቱን ቀን ባሕር ዳር ብውል ወደፊት ሌላ ቦታ ይወጣልኝ ይሆናል። አባቴ «ሂጅ» ብለውኛል። እስካሁን አልሄድኩም።

ዘንድሮ ሐምሌ ሲጋመስ እትየ ጠዋት መጡ። እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ስክሪኑ ላይ ስምንት ሰው ተደርድሯል። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማል።

«የኔታ፣ ነገ እንጀምራለን። ከእናንተ ቤት ሰው አለ?»

አባቴ መደቡ ላይ ነበሩ። ወደ እኔ አላዩም፣ አልጠየቁኝም።

«አለ» አሉ። «ከእኛ ቤት ሰው አለ።»

ስብሰባው ላይ ስሜ ተጠራ። ድምፄ እንዳይሰበር ትንሽ ቆይቼ መለስኩ።